የጉሌር ሠዓሊዎችና የካህናቱ መዝገብ

ሁለት ሥዕሎችን በሐሳባችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። የመጀመሪያው በ1730 የተሠራ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አምላኩ ክሪሽና ከሚወዳት ከራዳ ጋር ከዛፍ ሥር ቆሟል። መደቡ አንድ ወጥ ደማቅ ቀለም ነው፤ ርቀትና ጥላ የሚባል ነገር የለበትም። የሰዎቹ ዓይን ትልልቅ ነው፤ በጌጣቸው ላይ አረንጓዴ የሚያብረቀርቀው ፈርጥ ቀለም ሳይሆን ከጥንዚዛ ክንፍ ተቆርጦ የተለጠፈ ነው። ሁለተኛው ሥዕል ሃያ ዓመት ያህል ዘግይቶ የተሠራ ነው። አንድ መስፍን ተቀምጦ ጺሙን ይስተካከላል፤ አስተካካዩም ትንፋሹን የያዘ ይመስላል። ቀለሙ ፈዘዝ፣ መስመሩ ቀጠን ያለ ነው፤ የእያንዳንዱ አሽከር ፊት የራሱ የሆነ መልክ አለው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሁለቱን ያገኘ ባለሙያ ከመጀመሪያው ሥር «ባሶሊ»፣ ከሁለተኛው ሥር «ጃሙ» ብሎ ለመጻፍ ብዙም አያመነታም ነበር። የሁለት ከተማ፣ የሁለት ቤተ መንግሥት ሥራ ናቸው ማለት ነው። ሠዓሊዎቹስ? እነሱን የሚጠይቅ ጥቂት ነበር። የሕንድ ሠዓሊ ስሙን አይጽፍም፣ ስሙ ያልተጻፈ ሰው ደግሞ ታሪክ የለውም ተብሎ ታልፏል።

አከፋፈሉ ዕድሜ ጠገብ ነው። በሲሎን የተወለደው አናንዳ ኩማራስዋሚ በ1916 ባሳተመው ትልቅ ሥራ፣ በሰሜን ሕንድ ተራሮች ግርጌ የነበሩት ትንንሽ የራጅፑት መንግሥታት ከሙጋል ነገሥታት የተለየ የራሳቸው የሥዕል ጥበብ እንደነበራቸው ለዓለም አስታወቀ። ከእሱ በኋላ የመጡት እንግሊዛዊው ደብሊው ጂ አርቸርና ሕንዳዊው ኤም ኤስ ራንዳዋ በየተራራው እየዞሩ፣ ከየመሳፍንቱ ዘሮች ቤት ሥዕሎችን እያዩ፣ ሥራውን ሁሉ በየግዛቱ ደለደሉት፤ የባሶሊ ስልት፣ የካንግራ ስልት፣ የቻምባ ስልት፣ የጉሌር ስልት እያሉ። ድልድሉ ያማረ ነበር። ንጉሥ አለ፣ ከተማ አለ፣ ስለዚህ የከተማው ስልት አለ።

ታሪካችን የሚያተኩረው ከነዚህ ከተሞች በትንሿ ላይ ነው። ዛሬ ሂማቻል ፕራዴሽ በሚባለው ክልል፣ በካንግራ አውራጃ፣ ባንጋንጋ በተባለው ወንዝ ዳር ሃሪፑር የምትባል ከተማ አለች። የጉሌር መንግሥት መናገሻ ነበረች።

አመሠራረቷን ሰዎቹ እንዲህ ይተርኩታል። የካንግራው ንጉሥ ሃሪ ቻንድ ከጭፍሮቹ ጋር አደን ወጥቶ ሳለ ከነሱ ተነጥሎ ከነፈረሱ ውሃ የሌለው ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። ቢፈልጉት ስላጡት አውሬ በልቶታል ብለው ተመለሱ። ሚስቶቹ እንደ ጊዜው ሥርዓት ራሳቸውን በእሳት አቃጠሉ፤ ታናሽ ወንድሙ ካራም ቻንድም አልጋውን ያዘ። ሃሪ ቻንድ ግን አልሞተም ነበር። ከብዙ ቀን በኋላ አንድ መንገደኛ ነጋዴ አገኘውና አወጣው። አገር ቤት የሆነውን ሲሰማ ዙፋኑን ልመልስ ብሎ ወንድሙን አልተዋጋም፤ ባንጋንጋ ዳር ምሽግ ሠርቶ፣ ከተማ ቆርቁሮ በራሱ ስም ሃሪፑር አላት። ጊዜው 1405 አካባቢ ነው ይባላል። ስለ ጉድጓዱ የሚነገረው ሁሉ እውነት ይሁን አይሁን፣ ውጤቱ በሥርዓተ መንግሥት ሲታይ ኖሯል፤ ካንግራ ትልቅና ጥንታዊ፣ ጉሌር ደግሞ ትንሽና አዲስ ሆኖ ሳለ፣ በክብር ቦታ የጉሌሩ ራጃ (ንጉሥ) ከካንግራው ይቀድም ነበር። የታላቅ ወንድም ዘር ነውና።

ከዚያ በኋላ ያለው የጉሌር ነገሥታት ታሪክ በአብዛኛው የታማኝ ሎሌ ታሪክ ነው። የሙጋሉ ንጉሥ ጃሃንጊር በ1620 የካንግራን ምሽግ ሲይዝ ጉሌሮች ከሙጋሎች ጎን ነበሩ፤ ከዚያም ወዲህ ራጃዎቹ ለዴልሂ ዙፋን በሩቅ ሩቅ ግንባር ዘመቱ። አሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ላይ ዳሊፕ ሲንግና ልጁ ጎቫርዳን ቻንድ በአንጻራዊ ሰላም ገዙ። በ1813 የላሆሩ የሲክ ንጉሥ ራንጂት ሲንግ ግዛቱን ጠቀለለው፤ የጉሌር መንግሥትም በዚሁ አበቃ። በ1905 ሚያዝያ ወር ካንግራን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ደግሞ ወደ ሃያ ሺህ የሚጠጋ ሰው ገድሎ፣ በአካባቢው የቀረውን ምሽግና ቤተ መቅደስ አፈራረሰ። ቤተ መንግሥት ሲፈርስ በውስጡ ያለው ወረቀትም አብሮ ይጠፋል። ከጉሌር ሠዓሊዎች አንዱን በቤተ መንግሥት መዝገብ ፈልጎ ለማግኘት የተነሳ ሰው፣ ገና ከመነሻው የተዘጋ በር ነበር የሚጠብቀው።

በሌላ በር የገባው ሰው ብሪጂንደር ናት ጎስዋሚ ይባላል። በ1933 ዛሬ የፓኪስታን በሆነችው በሳርጎዳ ተወለደ። ወጣት ሳለ በአገሩ ትልቁ የሥራ ዕድል የሚባለውን፣ ወላጅ ሁሉ ለልጁ የሚመኘውን የመንግሥት አስተዳዳሪነት ፈተና አልፎ በ1956 ተሾመ። በ1958 ለቀቀው። ምክንያቱ የካንግራ ሸለቆ ሥዕል ነበር። ዘመዶቹ ምን እንዳሉት መገመት አያዳግትም።

በቻንዲጋር በሚገኘው የፓንጃብ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናቱን ሲሠራ ያነሳው ጥያቄ ከቀደሙት የተለየ ነበር። ሥዕሉን ትቶ ሰውየውን ጠየቀ። ሠዓሊዎቹ እነማን ናቸው? ከየትኛው ዘር ተወለዱ? የት ይኖሩ ነበር? ማንስ ያበላቸው ነበር? በሥዕሎቹ ጀርባ አልፎ አልፎ በተራራው ፊደል፣ በታክሪ፣ የተጻፉ ስሞች ነበሩ። በተራራዎቹ መንደሮችም የሠዓሊ ዘር ነን የሚሉ ቤተሰቦች አሁንም ይኖሩ ነበር። ማናኩና ናይንሱክ የሚባሉ ስሞች ይነሣሉ። ግን ስም ብቻውን የት ያደርሳል? አባቱ ካልታወቀ፣ መንደሩ ካልታወቀ፣ የኖረበት ዘመን ካልታወቀ ናይንሱክ የሚባል ሰው መቶ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ጎስዋሚ የትኛውም የሥዕል ተመራማሪ ያልሄደበት ቦታ ሄደ፤ ሃሪድዋር።

ሃሪድዋር የጋንጅስ ወንዝ ከተራራ ወርዶ ሜዳውን የሚጀምርበት ቅዱስ ከተማ ነው። ሂንዱ ሰው ቢሞት ልጁ ወይም ዘመዱ አመዱን ይዞ እዚያ ይሄዳል። ወንዙ ዳር ፓንዳ የሚባሉ ካህናት ይጠብቁታል። ካህኑ እንግዳውን የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ አገርህ የት ነው? ወገንህስ? በዚህ መልስ ብቻ እንግዳው የትኛው ካህን ደንበኛ እንደሆነ ይታወቃል፤ የጉሌር አናጢዎች ሁሉ የአንድ ካህን ቤት ናቸው እንበል። ካህኑ ባሂ የሚባለውን ረጅምና ጠባብ መዝገብ ያወጣል፣ የእንግዳውን አያት ወይም ቅድመ አያት ያረፈበትን ገጽ ይገልጣል፣ እንግዳውም መጻፍ ከቻለ በገዛ እጁ ይጨምርበታል፤ ማን እንደመጣ፣ ከማን ጋር፣ የማን አመድ እንደያዘ፣ አባቱ ማን፣ አያቱ ማን፣ ወንድሞቹ እነማን እንደሆኑ፣ ቀኑም። ይህ ልማድ ለዘመናት ሳይቋረጥ የቆየ ነው። ለካህኑ መዝገቡ የጽድቅ ሥራ ብቻ አይደለም፤ እንጀራውም ነው። ደንበኛን ለሌላ ካህን ላለማስነጠቅ እንደ ርስት ሰነድ ይጠብቀዋል፣ ለልጁም ያወርሰዋል።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። መዝገቡ በሙያ ሳይሆን በአገርና በወገን የተደራጀ ነው። «ሠዓሊዎችን አሳየኝ» የሚባልበት መንገድ የለም። ሠዓሊዎቹ ከየትኛው ወገን እንደሆኑ አስቀድሞ ማወቅ ያሻል። ጎስዋሚ በመንደሮቹ ከሚኖሩት ዘሮች የሰማው ለዚህ ጠቀመው፤ የጉሌር ሠዓሊዎች በወገን አናጢዎች ነበሩ። በቤተ መንግሥት ውስጥ የአማልክትንና የነገሥታትን መልክ ሲሥሉ የኖሩት ሰዎች በወንዙ ዳር ሲመዘገቡ እንደ እንጨት ጠራቢ ነበር። እኔን ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ስማቸው ከመጀመሪያውም አልጠፋም ነበር። በሺህ የሚቆጠር ሰው በየቀኑ በሚያልፍበት ቦታ በእጃቸው ጽፈው አስቀምጠውታል። የጠፋው የፈላጊው አቅጣጫ ነው።

መዝገቦቹ ሲገለጡ ገጾቹ መናገር ጀመሩ። በ1736 ማናኩ የሚባል የጉሌር ሰው ሃሪድዋር መጥቶ ጽፏል፤ የሴዉ ልጅ ነው። በ1763 ደግሞ ናይንሱክ መጥቶ ጽፏል፤ እሱም የጉሌር ሰው፣ እሱም የሴዉ ልጅ። በጽሑፉ አጠገብም በብዕር ትንሽ ሥዕል ትቷል። ሌሎች ገጾች የልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ስም ጨመሩ፤ የማናኩ ልጆች ፋቱና ኩሻላ፣ የናይንሱክ ልጆች ካማ፣ ጋውዱ፣ ኒካና ራንጃ። ጎስዋሚ ይህን የዘር ሐረግ የእንግሊዝ አስተዳደር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለመሬት ግብር ካዘጋጀው መዝገብ ጋር አመሳከረው። እዚያም የሠዓሊ ዘሮች የያዙት መሬት ከነአባት ስማቸው ተመዝግቦ ነበር። የቻምባው ራጃ ራጅ ሲንግ ለኒካ የሰጠው መሬት ያለበት ራጆል የሚባል መንደር የኒካ ዘሮች መኖሪያ ሆኖ ቆይቷል። የሴቶቹን ስም በእነዚህ ገጾች የሚፈልግ ግን ብዙም አያገኝም፤ መዝገቡ የሚቆጥረው በአባት ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ሥዕሎች እንመለስ። ደማቁ የ1730 ሥዕል ጊታ ጎቪንዳ የተባለውን የሳንስክሪት ግጥም ከሚያሳዩ ብዙ ገጾች አንዱ ነው፤ በሥራው መጨረሻ ላይ የማናኩ ስም ተጽፏል። ጺሙን የሚስተካከለው መስፍን ሥዕል የናይንሱክ ነው። «ባሶሊ» እና «ጃሙ» ተብለው የተለያዩት ሥራዎች በአንድ ጣራ ሥር ያደጉ የሁለት ወንድማማቾች ሥራ ሆነው ተገኙ። አባትየው ፓንዲት ሴዉ በሃሪፑር የሥዕል መሥሪያውን የመሠረተ፣ ለሁለቱም ቀለም መበጥበጥን፣ ከሽኮኮ ፀጉር ብሩሽ መሥራትን፣ ወረቀት ደራርቦ አጣብቆ በድንጋይ ማለስለስን ያስተማረ ሰው ነው። ታላቁ ልጅ የአባቱን መንገድ ይዞ ሄደ፤ ታናሹ ዓይኑን ወደ ሰዎች ፊት መለሰ።

ጎስዋሚ ግኝቱን በ1968 ማርግ በተባለው የቦምቤይ የሥነ ጥበብ መጽሔት አሳተመ። የጽሑፉ ጭብጥ በአጭሩ ይህ ነው፤ የተራራ ሥዕል ስልት መሠረቱ ግዛት ሳይሆን ቤተሰብ ነው። ሠዓሊ እግር አለው። ጌታው ሲሞት ወይም ሲደኸይ ወደ ሌላ ራጃ ይሄዳል፤ ስልቱንም ይዞ ይሄዳል። ልጆቹ በአምስት ከተማ ቢበተኑ ስልቱ በአምስት ከተማ ይታያል። አንድ ሥዕል በባሶሊ ተገኘ ማለት የባሶሊ ስልት ነው ማለት አይደለም።

ከዚህ ጋር ሌላ የተለመደ ማብራሪያም ተናጋ። በ1739 የፋርሱ ናዲር ሻህ ዴልሂን ሲዘርፍ የሙጋል ሠዓሊዎች ሸሽተው ወደ ተራራው ወጡ፣ የተራራውን ጥበብ ያለሰለሱትም እነሱ ናቸው ይባል ነበር። መዝገቡ እንደሚለው ግን ሴዉና ልጆቹ ከወረራው በፊት የጉሌር ሰዎች ናቸው። የጉሌር ራጃዎች ለሙጋሎች ከመቶ ዓመት በላይ ያገለገሉ በመሆናቸው የዴልሂ ሥዕል ወደ ሃሪፑር ለመድረስ ስደተኛ መጠበቅ አላስፈለገውም።

ናይንሱክ የተከተለውን መንገድ ማየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ጉሌርን ለቆ ጃስሮታ ወደምትባል ትንሽ ግዛት ሄደ፤ በዚያም ባልዋንት ሲንግ የሚባል መስፍን ጋር ተቀመጠ። ባልዋንት ሲንግ ራሱ ለረጅም ጊዜ የጃሙ መስፍን ነው ሲባል ኖሯል፤ ሥዕሉ «ጃሙ» የተባለውም ለዚህ ነው። በፖለቲካ ታሪክ ስፍራ የሌለው፣ ሥዕል ከመውደድ በቀር የሚጠቀስ ሥራ ያልነበረው ሰው ነው። ሆኖም በዚያ ዘመን ከነበሩት የሕንድ መሳፍንት የዕለት ኑሮው እንደሱ የሚታወቅ ጥቂት ነው። ናይንሱክ መስፍኑን ዳንኪራ ሲያይ፣ ዳክዬ ሲያድን፣ ድንኳን ውስጥ ደብዳቤ ሲጽፍ፣ ሕንፃ ሲያሠራ ሣለው። ብርድ ልብስ ተከናንቦ እሳት ዳር ሺሻ ሲያጨስ፣ ፊቱ የጠቆረ፣ ትከሻው የጎበጠ አድርጎም ሣለው። ንጉሥን እንዲህ አድርጎ ለመሣል ሠዓሊው ደፋር፣ ንጉሡም ሆደ ሰፊ መሆን አለባቸው። በአንዱ ሥዕል ላይ ባልዋንት ሲንግ በእጁ ሥዕል ይዞ ይመለከታል፤ ከኋላው አጎንብሶ እጁን አጣምሮ የተቀመጠው ናይንሱክ ራሱ ነው።

ባልዋንት ሲንግ በ1763 ሞተ። የሃሪድዋሩ ገጽ ቀን 1763 የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ናይንሱክ የጌታውን አመድ ይዘው ከሄዱት መካከል ነበር። ይኸው ገጽ የሠዓሊውን አባትና አገር ነገረን፤ እዚያ የነበረበትን ቀንም ነገረን። ከዚያ በኋላ ናይንሱክ ወደ ባሶሊ ሄዶ ለአምሪት ፓል ሠራ፣ በ1778ም አረፈ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የካንግራው ሳንሳር ቻንድ ዘመን የሚደነቅበት ለስላሳ ሥዕል፣ በ1820 እንግሊዛዊው ተጓዥ ዊልያም ሙርክሮፍት ራጃው ብዙ ሠዓሊዎችን እንደሚያኖር የመሰከረለት፣ በአብዛኛው የናይንሱክና የማናኩ ልጆችና የልጅ ልጆች እጅ ነው ተብሎ ዛሬ ይታመናል። የዚያ ስልት ዝና ለካንግራ ተሰጥቶ ኖሯል።

የጎስዋሚን ሐሳብ ሁሉም ወዲያው አልተቀበለም። አርቸር በ1973 በሁለት ክፍል ያሳተመው ግዙፍ ጥናቱ አሁንም በየግዛቱ የተከፋፈለ ነው። ተቃውሞውም መሠረት አለው። ቤተሰብ ሰፊ ነው፤ «የሴዉ ቤት ሥራ» ማለት ከአንድ ከተማ ስም ብዙም የማይሻል የወል ስም ሊሆን ይችላል። ማናኩና ናይንሱክ ራሳቸው የአንድ አባት ልጆች ሆነው ሥራቸው ይህን ያህል ከተለያየ፣ ቤተሰብ ብቻውን ስልትን እንዴት ያስረዳል? ለእኔ የጎስዋሚ መልስ የሚያሳምነው ከ1968ቱ ጽሑፍ ይልቅ ቀጥሎ በሠራው ነው። ከቤተሰብ ወደ ግለሰብ ወረደ። ከስዊዘርላንዱ ኤበርሃርድ ፊሸር ጋር በ1992 የተራራ ሠዓሊዎችን አንድ በአንድ ለይቶ የሚያቀርብ መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1997 ስለ ናይንሱክ፣ በ2017 ደግሞ በ84 ዓመቱ ስለ ማናኩ ራሳቸውን የቻሉ መጻሕፍት ጻፈ። የጠፉ የተባሉ ሠዓሊዎች የየራሳቸው የሕይወት ታሪክ ያላቸው ሰዎች ሆኑ። ጎስዋሚ በኅዳር 2023 ቻንዲጋር ውስጥ በ90 ዓመቱ አረፈ።

ሥዕሎቹም እንደ ሠዓሊዎቹ ተበትነዋል። የማናኩ ጊታ ጎቪንዳ ትልቁ ክፍል በላሆር ሙዚየም ነበር። ሕንድና ፓኪስታን ሲለያዩ የሙዚየሙ ንብረት በ1948 ስድሳ በአርባ ተከፈለ፤ የሕንድ ድርሻ የሆነው አርባው በመቶ በመጨረሻ ቻንዲጋር ገባ። አንድ ግጥም ዛሬ በድንበር ሁለት ወገን ተሰቅሏል። ሃሪፑር ራሷ ጸጥ ብላለች። በ1970ዎቹ የፖንግ ግድብ በቢያስ ወንዝ ላይ ሲሠራ የጉሌር ለም መሬት ብዙው በሐይቁ ተዋጠ፤ ብዙ መንደሮች ተነሱ፣ ጠባቡ የካንግራ ሸለቆ ባቡር ሐዲድም ሐይቁን ሽሽት ቦታውን ለወጠ። ጉሌር የሚባል ጣቢያ ግን አሁንም አለ።

መዝገቦቹም አሉ። ከ1977 ጀምሮ የአሜሪካ የዩታ የዘር ሐረግ ማኅበር የሃሪድዋርንና የሌሎች ቅዱሳት ከተሞችን ባሂዎች በማይክሮፊልም ሲያነሳ ቆይቷል፤ ካህናቱም መጻፋቸውን አላቋረጡም። አውሮፓ የምትኖሩ አንባቢዎች ዕድሉ ከገጠማችሁ ዙሪክ ሪትበርግ ሙዚየም ውስጥ ባልዋንት ሲንግ ሥዕል የሚመለከትበትን ሥዕል ፈልጋችሁ እዩ፤ መስፍኑን ጥቂት ካያችሁ በኋላ ከኋላው ያለውን ሰውም እዩት።